«ባሕሩ አሲድ ሆኖ ዓሦች አብደዋል» ይባላል፤ ለተማሪዎቼ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በስልካቸው የሚቀባበሉት አንድ ቪዲዮ አለ። በፋብሪካና በመኪና ጭስ የተነሣ ውቅያኖሶች አሲድ ሆነዋል፣ የዓሦች ነርቭም ተቃውሶ ከሚበላቸው አዳኝ መሸሽ ትተው ወደ እሱ መዋኘት ጀምረዋል፣ ይህም በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ዓሣ የበላ ሰው ነርቩ እንደሚጎዳና የጣና ተራም እንደ ደረሰ ተናግሮ ይጨርሳል። የሳይንስ ክበባችን በዚሁ ላይ ትርዒት ሊያዘጋጅ ነው። እውነቱ የትኛው ነው? ምን ብዬ ላስተምር?»

ምላሽ፦

ቪዲዮው አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። የውቅያኖስ ኬሚስትሪ እየተቀየረ መሆኑ እውነት ነው። ዓሦች ነርቫቸው ተቃውሶ ወደ አዳኛቸው ይዋኛሉ የሚለው ከዐሥር ዓመት በፊት ብዙዎቻችን አምነን የተቀበልነው፣ ዛሬ ግን በተነገረበት መጠን ሊቆም ያልቻለ ግኝት ነው። ዓሣውን የበላ ሰው ይታመማል የሚለውና ስለ ጣና የተባለው መሠረት የላቸውም። ሦስቱን ቶሎ እጨርሳቸዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን እንቆያለን፤ ለተማሪዎችዎ ብዙ ትምህርት ያለው እሱ ውስጥ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ «አሲድ ሆነ» የሚለው አባባል ይታረም። የባሕር ውሃ አሲድ አልሆነም፤ በዚህ ክፍለ ዘመንም አይሆንም። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የውቅያኖስ ገጽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው) በአማካይ 8.2 ገደማ ነበር፤ ዛሬ 8.1 አካባቢ ነው። ሁለቱም ከ7 በላይ ስለሆኑ ውሃው አሁንም ቤዝ ነው። ኩፍ ያለ የጤፍ ሊጥ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ኮምጣጣ ነው። ሆኖም 0.1 ትንሽ ቁጥር መስሎ እንዳያታልልዎት። ፒኤች በሎጋሪዝም የሚለካ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቁጥር ዝቅ ሲል የሃይድሮጂን አየን መጠን 10 እጥፍ ያድጋል፤ የ0.1 ቅናሽ ብቻውን ከ25 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ልቀቱ አሁን ካለበት ከፍ እያለ ከሄደ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ፒኤቹ ወደ 7.8 ወይም ትንሽ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለተማሪዎች «ውቅያኖሱ ወደ አሲድነት እያዘነበለ ነው» ይበሉ፤ «አሲድ ሆኗል» አይበሉ።

መንስኤውም ጥቁሩ ጭስ አይደለም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በከባቢ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል፤ የሰው ልጅ ከሚለቀውም ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይውጠዋል። ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ምን እንደሚከተል ለማስረዳት አምቦ ውሃ ይበቃል። ጠርሙሱ እንደ ተከፈተ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው ካርቦኒክ አሲድ ነው፤ ጋዙ ሲወጣለት ቁንጥጫውም ይጠፋል። ውቅያኖሱ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በጣም በጥቂቱና በጣም በዝግታ፣ ነገር ግን ክዳኑን ከፍቶ ጋዙን የሚያስወጣለት በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ።

አሁን ወደ ነርቩ እንምጣ። ታሪኩ የጀመረው በ2009 ነው። በአውስትራሊያ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፊሊፕ መንዴይና ባልደረቦቹ የክላውንፊሽ ጫጩቶችን ፒኤቹ 7.8 በሆነ ውሃ አሳደጉ። ክላውንፊሽ ብርቱካናማ ገላዋ በነጭ መቀነት የታሰረ የምትመስል ትንሽ የኮራል ዓሣ ናት። ጫጩቷ እንደ ተፈለፈለች ወደ ክፍት ባሕር ትወጣለች፤ ከቀናት በኋላ መኖሪያ ፈልጋ ስትመለስ ከሚመሯት ነገሮች አንዱ ሽታ ነው። በመደበኛ ውሃ ያደጉት ጫጩቶች የማይስማማቸውን ሽታ ሲሸሹ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ያደጉት ግን ወደዚያው ሽታ ሲሳቡ ታዩ ተባለ። ፒኤቹ 7.6 ሲሆን ደግሞ ለየትኛውም ሽታ ምላሽ መስጠት አቆሙ። በቀጣዩ ዓመት በወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ ጫጩቶች የአዳኝን ሽታ ከመሸሽ ይልቅ እንደሚከተሉ፣ ባሕር ውስጥ ሲለቀቁም የመበላት ዕድላቸው ከ5 እስከ 9 እጥፍ እንደሚጨምር ተዘገበ። ቪዲዮው የቀዳው ከዚህ ነው። ጋዜጦች ዜናውን ወደዱት፤ አይፈረድባቸውም፤ ታዳኝ በራሷ ፈቃድ ወደ በላተኛዋ አፍ ስትዋኝ ከማየት የሚብስ ምን ዜና አለ?

«እንዴት ሊሆን ይችላል?» ለሚለው መልስ ያቀረበው በ2012 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ጎራን ኒልሰን የመራው ቡድን ነው። ይህን ክፍል ረጋ ብለን እንየው፤ መላ ምቱ ቢያከራክርም የተገነባበት ፊዚዮሎጂ ክፍል ውስጥ ሊሰጥ የሚገባው ነው። ዓሣ በስንጥቧ ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ወደ ውሃው በቀላሉ ይወጣላታል። ለዚህም ነው በእኛ ደም ውስጥ የጋዙ ግፊት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን በአብዛኞቹ ዓሦች ከ2 እስከ 4 ብቻ የሚሆነው። መነሻው ይህን ያህል ዝቅተኛ ስለሆነ በውሃው ውስጥ ጋዙ በጥቂቱ ሲጨምር ደሟ ውስጥ ይታወቃል፤ የደሟ ፒኤች ይወርዳል። እሷ ግን ዝም ብላ አትቀመጥም። ከሰዓታት እስከ ቀናት ባለ ጊዜ ውስጥ ባይካርቦኔት ታጠራቅማለች፣ በምትኩ ክሎራይድ በስንጥቧ ታስወጣለች፣ ፒኤቹም ወደ ቦታው ይመለሳል። እዚህ ድረስ ክርክር የለም፤ ብዙ ላቦራቶሪ ደጋግሞ የለካው ነገር ነው። መላ ምቱ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ደሟን ያዳነው ማስተካከያ አንጎሏ ላይ ዕዳ ይጥላል ይላል።

በአንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሥራው የነርቭ ሴሎችን ማብረድ ነው። ሐኪም ጭንቀት ለበዛበት ሰው የሚያዘው ቫሊየም የሚሠራው በዚሁ ኬሚካል ተቀባይ ላይ ነው። ተቀባዩን እንደ መስኖ በር ይዩት። ጋባ በሩን ሲከፍት ክሎራይድ ከውጭ ወደ ሴሉ ይገባል፤ ሴሉም ይረጋጋል። በዚያው በር ባይካርቦኔትም ወደ ውጭ ያልፋል፣ ግን በጥቂቱ። የመስኖ በር አቅጣጫ አይመርጥም፤ ሲከፈት ውሃው ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው ይፈስሳል። በሴሉ ውስጥና ውጭ ያለው የክሎራይድና የባይካርቦኔት ሚዛን ከተዛባ፣ በሩ ሲከፈት ፍሰቱ ሊገለበጥ፣ ሊያበርድ የተላከው ምልክትም ሴሉን ሊያነሣሣ ይችላል። የኒልሰን ቡድን ይህን ለመፈተን ጋባዚን የተባለውን፣ በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ዓሦቹ ያሉበት ውሃ ውስጥ ጨመረ፤ የተዛባው ጠባይ ተስተካከለ ብሎም ዘገበ። በ2014 ሌላ ቡድን ያንኑ መድኃኒት በአንድ ዘላይ የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ሞከረ። ይህ ቀንድ አውጣ መርዘኛ አዳኙ ሲቀርበው እግሩን ወርውሮ ወደ ኋላ ይዘላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ውሃ የዘለሉት በግማሽ ቀነሱ፤ ጋባዚን ሲሰጣቸው መዝለሉ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ፣ ሮክፊሽ የሚባሉ የዓሣ ዝርያ ልጆች ለአንድ ሳምንት በእንዲህ ያለ ውሃ ከቆዩ በኋላ ከብርሃን ሸሽተው ጨለማውን መረጡ፤ ይህ በዓሣ ላይ የጭንቀት ምልክት ተደርጎ የሚወሰድ ጠባይ ነው። በ2016 ደግሞ በአንዲት የኮራል ዓሣ አንጎል ውስጥ የባይካርቦኔት መጠኑ ከፍ ማለቱ በቀጥታ ተለካ፤ ምንም እንኳ የተጠቀሙበት የጋዝ መጠን ለክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከሚጠበቀው ብዙ የበለጠ፣ ከአንድ ሚሊዮን 1900 እጅ አካባቢ ቢሆንም።

እኔም በዚያን ጊዜ የክላውንፊሿን ሥዕል እያሳየሁ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ክፍሉ ጸጥ የሚልበት ስላይድ ነበር። ዛሬ አላሳየውም፤ ምክንያቱ ይኸው።

በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ ሌላ ቡድን የሦስት ዓመት ሥራውን አሳተመ። ከ900 በላይ ዓሦች፣ 6 የኮራል ዓሣ ዝርያዎች፣ ጠባያቸው ሁሉ በቪዲዮ ተቀርጾ ጥሬ መረጃው ለማንም ክፍት ሆኖ። የተጠየቁት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ነበሩ፦ የአዳኝን ሽታ ትሸሻለች ወይ? እንቅስቃሴዋ ይለወጣል ወይ? ቀኝ ወይም ግራ መምረጧ ይዛባል ወይ? መልሱ በአጭሩ «ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም» የሚል ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ዝም አላሉም፤ ዝርያው፣ የዓሦቹ ዕድሜና የአሠራሩ ዝርዝር ከእኛ ይለያል ብለው መልስ ጻፉ። ክርክሩ የሁለት ወገን ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው በ2022 ፕሎስ ባዮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣው የ91 ጥናቶች ድምር ትንተና ነው። በ2009 እና በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት የታተሙት ጥናቶች ግዙፍ ለውጥ ያሳያሉ፤ ዓመታት በሄዱ ቁጥር ግን የተገኘው ለውጥ እየሟሸሸ ሄዶ በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ግዙፍ ለውጥ ያገኙት ደግሞ በአብዛኛው ጥቂት ዓሦችን የፈተኑና በታዋቂ መጽሔቶች የወጡት ነበሩ።

ይህ የመሟሸሽ ነገር ለምን እንደሚከሠት ለተማሪዎችዎ ማስረዳት ይችላሉ። ዐሥር ተማሪ ሳንቲም ዐሥር ዐሥር ጊዜ ቢወረውር ከመካከላቸው አንዱ ስምንት ጊዜ አንበሳ ሊወጣለት ይችላል። የዚያን ተማሪ ውጤት ብቻ ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ሳንቲሙ የተዛነፈ ይመስላል። ጥቂት ዓሦች ያሉበት ሙከራም እንዲሁ ነው፤ አስደናቂው ውጤት ቶሎ ይታተማል፣ ምንም ያልታየበት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በተጨማሪም በብዙዎቹ ቀደምት ሙከራዎች ዓሣዋ ሽታ ካለበትና ከሌለበት የውሃ ፈሰስ በየትኛው ውስጥ እንደ ቆየች የሚመዘግበው ቆሞ የሚያያት ሰው ነበር። የሚጠብቀውን የሚያውቅ ዓይን ሳያስበው ያዳላል፤ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ሌላም አለ፦ በ2022 ሳይንስ መጽሔት የኮራል ዓሦች በሽታ መኖሪያ ስለ መምረጣቸው በ2014 ያወጣውን አንድ ጥናት ሰርዟል። የተሰረዘው ጥናት ስለ ውቅያኖስ አሲዳማነት ስላልነበር፣ «ሁሉም ውሸት ሆኖ ተገኘ» ብሎ የሚነግርዎትን ሌላ ቪዲዮም አይመኑ።

ምክንያቱም ወደ ሌላው ጠርዝ መዝለልም ስሕተት ነው። የፈረሰው፣ ወይም ቢያንስ ክፉኛ የተናጋው፣ «የኮራል ዓሦች በቅርቡ በሚጠበቀው ውሃ ውስጥ አእምሯቸውን ይስታሉ» የሚለው ትልቁ አባባል ነው። ባሕር ውስጥ ያለው ፍጥረት ግን የኮራል ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ነርቭ የሚነካበት መንገድም ጋባ ብቻ አይደለም።

ለእኔ ክብደት ከሚሰጡኝ ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አቅራቢያ ባለው ፒዩጀት ሳውንድ በተባለው ባሕረ ሰላጤ በሚኖረው ኮሆ ሳልመን ላይ የተሠራው ነው። ሳልመን ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለሰው በሽታ ስለሆነ አፍንጫው ሕይወቱ ነው። በ2019 የታተመው ጥናት ወጣት ሳልመኖችን ለሁለት ሳምንት በሦስት ዓይነት ውሃ አቆያቸው፦ በዚያ አካባቢ የዛሬው 7.8፣ ከዚያ 7.5 እና 7.2። የቆሰለ ሳልመን ቆዳ ሽታ «አደጋ አለ» ማለት ነው፤ በዛሬው ውሃ ያሉት ሸሹት፣ በ7.2 ያሉት ግን ደንታ አልሰጡትም። ይህን ሥራ ከቀደሙት የሚለየው በጠባይ አለማቆሙ ነው። ኤሌክትሮድ አስገብተው ሲለኩ አፍንጫው ሽታውን በደንብ ይቀበላል፤ የተለወጠው ሽታን የሚተነትነው የአንጎል ክፍል የሚሰጠው ምላሽ ነበር። በአውሮፓ የባሕር ባስ ላይ በ2018 የታየው ደግሞ ተቃራኒ ነው። እዚያ የደከመው አፍንጫው ራሱ ነው፤ ዓሣው ሽታውን ለማወቅ እስከ 42 በመቶ ድረስ ይበልጥ ወደ ምንጩ መቅረብ ነበረበት። ሁለት ዓሣ፣ ሁለት የተለያየ የሰንሰለት ቀለበት።

በሸርጣን ላይ የታየው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ እዚያ የተነካው ነርቩም አፍንጫውም ሳይሆን ሽታው ነው። እናት ሸርጣን እንቁላሎቿን በሆዷ ሥር ይዛ ውሃ የምታናፍሰው ከእንቁላሎቹ የሚመጡ ትንንሽ የፔፕታይድ ሞለኪሎች ምልክት ሲሰጧት ነው። የእንግሊዙ ሀል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት ፒኤች ሲወርድ ሃይድሮጂን አየን እነዚህ ሞለኪሎች ላይ ይለጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ሙላታቸውና ቅርጻቸው ይለወጣል፣ ተቀባዩ ላይም እንደ በፊቱ አይገጥሙም። ቁልፉ ታጠፈ፣ ቀዳዳው ግን ደኅና ነው። ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማገናኘት ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስኩዊድን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልለፈው። ደሙ ኦክስጅን የሚሸከምበት ንጥረ ነገር ለፒኤች ለውጥ እጅግ ስሱ ስለሆነ የሚቸገረው ከነርቩ በፊት በትንፋሽ ነው፤ በ2008 በታተመ ጥናት ከአንድ ሚሊዮን 1000 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ውሃ የሐምቦልት ስኩዊድ የሜታቦሊዝም ፍጥነት በ31 በመቶ፣ እንቅስቃሴው በ45 በመቶ ቀንሷል። እዚህ ላይ «ጠባዩ ተለወጠ» ማለት «ነርቩ ተጎዳ» ማለት እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ የደከመ እንስሳም ይተኛል። የዓሣ የጆሮ ድንጋይም ሌላ አስተማሪ ነገር አለው። ድንጋዩ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ስለሆነ በ2009 ተመራማሪዎች የሚጠብቁት መሸርሸሩን ነበር፤ በካሊፎርኒያ ዓሦች ላይ ያገኙት ግን አድጎ ነው። ዓሣዋ ያጠራቀመችው ባይካርቦኔት ድንጋዩን እንደ ቀለበው ይገመታል።

እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን ሲያነቡ የሚጠነቀቁባቸው ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ቁጥሩን ይዩ። ሄርሚት ክራብ የሚባለው፣ የሌላ እንስሳ ባዶ ዛጎል ለብሶ የሚኖረው ሸርጣን፣ የሚበጀውን ዛጎል መምረጥ አቃተው የተባለው በ6.8 ፒኤች ነው። ያ ውሃ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከሚጠበቀው 10 እጥፍ ያህል አሲዳማ ነው፤ የሚያሳየው የባሕር ሥር የጋዝ ፍሳሽ ቢፈጠር ምን እንደሚሆን ነው። ቀጥሎ ጊዜውን ይዩ። ላቦራቶሪ ውስጥ እንስሳው በአንድ ቀን ወደ መጪው ክፍለ ዘመን ይገባል፤ ባሕሩ ግን የሚለወጠው በትውልዶች ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ቱዋል ላይ ያለው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የ2016 ጥናት፣ ለጋዙ የሚታገሡና የማይታገሡ ወላጆች የወለዷቸው ዓሦች አንጎል ውስጥ የጂኖች አሠራር እንደሚለያይ አሳይቷል። ይህ ማለት አንዳንዱ መስመር ሊለምደው ይችላል ማለት ነው፤ ሁሉም ይለምደዋል ማለት ግን አይደለም። የቀኑንና የሌሊቱንም ልዩነት አይርሱ። ኮራል አካባቢ ቀን ቀን አልጌዎች ጋዙን ስለሚጠቀሙበት ፒኤቹ ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። በ2017 ይህን መዋዠቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያስገቡት፣ በማይለወጥ ውሃ የታየው የጠባይ መዛባት ቀለለ። ቀደምት ሙከራዎች አብዛኞቹ ቀኑንም ሌሊቱንም አንድ ዓይነት ውሃ ነበር የተጠቀሙት።

ታዲያ የውቅያኖሱ ለውጥ ብዙም አያሳስብም ማለት ነው? አያሳስብም ብለው ካስተማሩ ከቪዲዮው የባሰ ስሕተት ይሠራሉ። ጠንካራው ማስረጃ ያለው ዛጎልና አጽም ላይ ነው። ሃይድሮጂን አየን ሲበዛ ካርቦኔት ያንሳል፤ ካርቦኔት ሲያንስ ኮራል፣ ኦይስተርና ሌሎች ዛጎል ሠሪዎች ለግንባታ የሚከፍሉት ጉልበት ይጨምራል። በአሜሪካ ኦሪገን፣ ኔታርትስ ባሕረ ሰላጤ ያለ የኦይስተር ማራቢያ ከ2007 ጀምሮ ጫጩቶቹ በጅምላ አለቁበት። በኋላ ሲጣራ፣ ነፋስ ከጥልቁ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውሃ ወደ ገንዳዎቹ ይገባ ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ውሃውን ሳያቋርጡ መለካትና ሶዲየም ካርቦኔት ጨምሮ ማስተካከል። ለአንድ ገንዳ ይሠራል። ለውቅያኖስ ማዕድን እየበተኑ ተመሳሳይ ነገር ለማድረግ የሚሞክሩ አሉ፤ እስካሁን ግን ሙከራ ነው። ከባሕር ዳርቻ የሚገባውን ማዳበሪያና ፍሳሽ መቀነስ አካባቢውን ያግዛል፤ የበሰበሰ አልጌ ራሱ ጋዙን ስለሚለቅ። መንስኤውን የሚነካው ግን ልቀቱን መቀነስ ብቻ ነው። የውሃው ሙቀት መጨመርም ለኮራል ዛሬ፣ አሁን፣ ከአሲዳማነቱ የፈጠነ ገዳይ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ጭስ ማውጫ ይወጣሉ።

ስለ መብላቱ፦ ዓሣዋ ያጠራቀመችው ባይካርቦኔት በእኛ በራሳችን ደም ውስጥ ከእሷ በበለጠ መጠን ያለ ነገር ነው። እንደ ሜርኩሪ ሥጋ ውስጥ ተከማችቶ ወደ በላተኛው የሚተላለፍ መርዝ አይደለም። በዚህ ምክንያት ዓሣ ያቆመ ቤተሰብ ካለ ይመለስ።

ጣናን በተመለከተ፣ የሐይቅ ፒኤች የሚወሰነው በአብዛኛው በተፋሰሱ አለትና አፈር፣ በሚገባው ውሃ፣ ውስጡ በሚያድገውና በሚበሰብሰው ነገር ነው፤ ውቅያኖስን የሚመራው ስሌት በቀጥታ አይሠራለትም። እዚሁ አገራችን ሻላ ሐይቅ በሶዳው ብዛት ፒኤቹ ወደ 10 ይጠጋል። ንጹሕ ውሃ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙሉ በሙሉ ያመልጣል ማለቴ አይደለም፤ በ2015 በፒንክ ሳልመን ጫጩቶች ላይ በወንዝ ውሃ የተሠራ ሙከራ በማሽተታቸውና በዕድገታቸው ላይ ለውጥ አሳይቷል። ጣና ላይ ግን ከዚያ በፊት የሚቆጠር ብዙ አለ፦ እምቦጭ፣ ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርደው ደለል፣ ዓሣ ሊራባ ወደ ወንዝ አፍ ሲወጣ የሚጠብቀው መረብ። የእምቦጭ ምንጣፍ ብርሃን ጋርዶ ከሥሩ ሲበሰብስ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበዛል። ተማሪዎችዎ ስለ ውሃ ኬሚስትሪና ስለ ዓሣ ጤና መጠየቅ ከፈለጉ የቀረሶና የአምባዛ ጥያቄ ከደጃፋቸው አለላቸው።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። የክበቡ ትርዒት «ዓሦች አበዱ» የሚለውን ድራማ ይተው። ኬሚስትሪውን እንደ ተረጋገጠ፣ የዛጎሉን ጉዳት እንደ ተረጋገጠ፣ የነርቩን ነገር ደግሞ ገና እንደሚመረመር ጥያቄ አድርገው ያቅርቡ፤ የሳልመኑንና የሸርጣኗን ምሳሌ ይጠቀሙ፣ ክላውንፊሿን ከ2020 ውጤት ጋር አብረው ካላቀረቡ በስተቀር አያቅርቡ። እንዲያውም ድራማ ካስፈለገ ሁለት ተማሪ ይቁሙ፤ አንዱ የ2009ን፣ አንዷ የ2020ን ሙከራ ይዘው፣ ክፍሉ «ስንት ዓሣ ፈተናችሁ? ማን ቆጠረ? ቪዲዮው የታለ?» እያለ ይጠይቃቸው። ቪዲዮውን ማሳየት ካለብዎት ከዚህ በኋላ ያሳዩት፤ ስሕተቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያወጡታል።

ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለው ውሃውን ያጥልሉ፤ ይህ የፒኤች ማመልከቻ ነው። አንድ ብርጭቆ ውስጥ አሁን የተከፈተ አምቦ ውሃ፣ በሌላው ከዚያው ጠርሙስ ተቀድቶ በደንብ ከፈላ በኋላ የቀዘቀዘ ያድርጉ፤ በሁለቱም እኩል የጎመን ውሃ ይጨምሩ። ጋዝ ያለበት ወደ ሐምራዊና ቀይ፣ ጋዙ የወጣለት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ከዚያ አንድ ተማሪ በሰማያዊው ውስጥ በስትሮ ለጥቂት ደቂቃ ይተንፍስበትና ቀለሙ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ይመዝግብ። ወደ ውስጥ እንዳይስበው አስቀድመው ያስጠንቅቁት፤ ጣዕሙ አይረሳም።